ሬዚስታንሱ ሲበጠስ ቮልቴጁ የት ይሄዳል?

ዛሬ ስለተበጠሰ ሬዚስተር ልጽፍላችሁ ነው። ሰፈራችሁ ጀሞም ይሁን ላፍቶ፣ መካኒሳም ይሁን ጎፋ፣ «የምጣዱ ሬዚስታንስ ተቃጠለ» ሲባል ያልሰማችሁ አይመስለኝም። ያ በምጣዱ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ በሳይንስ ሬዚስተር ይባላል። ሲበጠስ ምጣዱ ይቀዘቅዛል። ብዙ ሰው ታዲያ «በቃ፣ ኤሌክትሪኩ ጠፍቷል» ይላል። ግን አልጠፋም!

መጀመሪያ በትንሽ ሰርኪት እንየው። ደብተራችሁ ላይ ሳሉት። ባለ 1.5 ቮልት 4 የባትሪ ድንጋይ በተከታታይ ብንቀጥል 6 ቮልት ይሆናል። ከረንቱ በመጀመሪያ በሬ1 ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ሬ2 እና ሬ3 ይከፈላል። ሬ1 100 ኦህም ነው። ትይዩ የሆኑት ሬ2 እና ሬ3 እያንዳንዳቸው 200 ኦህም ናቸው።

ሁሉም ደህና ሲሆኑ፦ ሁለቱ ትይዩዎች አንድ ላይ 100 ኦህም ይሆናሉ። ጠቅላላው 200 ኦህም ነው። በኦህም ሕግ 6 ለ200 ሲካፈል ከረንቱ 0.03 አምፔር ነው። ስለዚህ ሬ1 3 ቮልት፣ ትይዩዎቹም 3 ቮልት ይደርሳቸዋል።

ሬ3 ሲበጠስ፦ የቀረው መንገድ በሬ2 ብቻ ነው። ጠቅላላው 300 ኦህም ይሆንና ከረንቱ ወደ 0.02 አምፔር ይወርዳል። ሬ1 2 ቮልት ብቻ ይወስዳል፣ ሬ2 ግን ወደ 4 ቮልት ይወጣል። የሚገርመው ደግሞ በተበጠሰው ሬ3 ሁለት ጫፎች ላይ ብንለካም 4 ቮልት እናገኛለን!

ሬ1 ሲበጠስ፦ የክፍለ ከተማችን ስም ንፋስ ስልክ ቢሆንም የባትሪያችን ከረንት በንፋስ መሻገር አይችልም። ከረንቱ ዜሮ ይሆናል። ሬ2 እና ሬ3 ዜሮ ቮልት ይሆናሉ፣ 6ቱም ቮልት በተበጠሰው ሬ1 ጫፎች መካከል ይቆማል።

ለምን? ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶን አስቡ። ቧንቧው ሲዘጋ ውሃው አይፈስም፣ ግፊቱ ግን ቧንቧው ጋ እየጠበቀ ነው። ቮልቴጅ ማለት ግፊቱ ነው፣ ከረንት ማለት የሚፈሰው ነው። ፍሰት ቆመ ማለት ግፊት ጠፋ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከፖል የሚመጣው ገመድ ትንሽ ሬዚስታንስ ስላለው እንደ ሬ1 ነው። አምፖሉ ሬ2፣ ምጣዱ ሬ3 ናቸው። ምጣድ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ሲሰካ ገመዱ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ የድሮው ባለ ሽቦ አምፖልም ደብዘዝ ይላል። እንጀራ እየተጋገረ የምጣዱ ሽቦ ቢበጠስ አምፖሉ መልሶ ፏ ይላል። ልክ ሬ2 ከ3 ወደ 4 ቮልት እንደወጣው ማለት ነው።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ አገራችን ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የምጣዱ ሽቦ ቢበጠስም ምጣዱ እስከተሰካ ድረስ በተበጠሱት ጫፎች መካከል ያ 220 ቮልት አለ። «ቀዝቅዟል» ብሎ ሽቦውን ለመቀጠል የሚነካ ሰው ራሱ የከረንቱ መንገድ ይሆናል። ይህ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ እናቶቻችንንም እህቶቻችንንም እንንገራቸው፦ ምጣድ ወይም ምድጃ ድንገት ከቀዘቀዘ መጀመሪያ ባልቦላው ይውረድ፣ ሶኬቱም ይነቀል፣ ከዚያ ባለሙያ ይጠራ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሙከራውን በባትሪ ድንጋይ ብቻ እንሥራ፣ በሶኬት በፍጹም!

ጥያቄ፦ ሬ2 እና ሬ3 ሁለቱም ቢበጠሱ ሬ1 ላይ ስንት ቮልት ይኖራል? ፍንጭ ልስጣችሁ፦ መጀመሪያ ከረንቱን ፈልጉ። መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑ!