የደጋዋ እፉኝት

«ደጋ እባብ የለውም» ይባላል እኛ ዘንድ። በሰሜን ሸዋዋ ራቤል በርኖሱን ደርቦ ቁሩን የሚጋፈጥ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም፤ እፉኝት የሚያጋጥመው ወደ ቆላው ሲወርድ ነውና። ይሁን እንጂ አገራችን በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ሁለት የተራራ እፉኝቶች አሏት። ይህን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ዘወትር ይቆጨኛል።

አንደኛዋን ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቦሜ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቃት። የተገኘችው ኢሉባቦር ውስጥ፣ በመቱና በበደሌ መካከል ነው። ዐይኗ ትንሽ ነው፤ ጀርባዋ በቢጫና በጥቁር የተጠለፈ ይመስላል። ሁለተኛዋ የባሌ ተራሮች ልጅ ናት፤ በጥቁር መደብ ላይ ፈዛዛ ቢጫ መስመር አላት። በሐረና ጫካ ስም የተጠራችው ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ትልቅ እባብ ሆና ሳለ እስከዚያ ድረስ የራሷ ስም አልነበራትም። የለዩአትም ሙዚየም ውስጥ ከቆየች አንዲት ሴት እባብና በአካባቢው ከታየች ሌላ እባብ ፎቶግራፍ ተነሥተው ነው።

እፉኝት በጥቅሉ ታጣፊ ረጅም የመርዝ ጥርስ አላት፤ አድፍጣ ታድናለች፤ ካልነኳት አትነካም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ አልፈዋለሁ። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ አወላለዷ ነው።

የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ፣ እናትየውም በዚያው ትሞታለች ሲባል ያልሰማ የለም። ነገሩ የቆየ ነው፤ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም ይናገረዋል። እውነቱ ሌላ ነው። አብዛኛዋ እፉኝት እንቁላሏን ሆዷ ውስጥ አቆይታ፣ ልጆቿን በስስ ሽፋን እንደተጠቀለሉ በሰላም ትወልዳለች። ሽፋኑን ቀድደው ይበተናሉ፤ እሷም መንገዷን ትሄዳለች። የቆላዋ እፉኝት በአንድ ጊዜ ከሃያ እስከ አርባ ትወልዳለች፤ ቼክ አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንዲት ኬንያዊት 156 ወልዳ ታውቃለች።

ታዲያ ወሬው ለምን አልሞተም? አንድ ጊዜ ወደ ቆላው ከሚወርደው መንገድ ዳር ሰዎች በዱላ የገደሏት እፉኝት አየሁ። ሆዷ ፈንድቷል፤ ከውስጡ ሕይወት ያላቸው ትንንሽ እባቦች እየወጡ ይሳባሉ። አንድ ሽማግሌ፣ «አየህ ልጄ፣ እናታቸውን በልተው ሲወጡ» አሉኝ። «አባባ፣ እሷን የገደላትማ ዱላው ነው» አልኳቸው። በየመንደሩ እንዲህ ያለ ነገር የታየ ይመስለኛል። ዱላው ይረሳል፤ ጥፋቱ በልጆቹ ላይ ይቀራል።

ልጆችን በሆድ አቆይቶ መውለድ እፉኝት የተራራ ነዋሪ እንድትሆን የረዳት ነገር ነው። እንቁላል የሚጥል እባብ ልጆቹን ለአፈሩ ሙቀት አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። ደጋ ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ አፈሩ ያን አደራ መወጣት ይቸግረዋል። እፉኝት ግን ልጆቿን በሆዷ ይዛ ፀሐይ ወዳለበት ትዞራለች፤ ረፋድ ላይ ድንጋይ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ከጫካው ገላጣ ትጋደማለች። ስትከብድ እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል፤ ሸሽታም አታመልጥም። በቀዝቃዛ አገር ያሉ ዘመዶቿ በየዓመቱ አይወልዱም፤ ጉልበታቸውን ለመመለስ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያርፋሉ። እንግዲህ ሰው በቀላሉ አግኝቶ የሚገድላት እርጉዟ መሆኗ ነው። አንድ ድንጋይ ሲወረወር የሚጠፋው አንድ እባብ ብቻ አይደለም።

ተራራ ደግሞ ደሴት ነው። በኢሉባቦርና በባሌ መካከል ስምጥ ሸለቆ ተጋድሟል። በዚያው በአንድ ወገንም ቢሆን ጫካው በእርሻ ሲቆራረጥ፣ እዚህ የቀረችው እባብ እዚያ ካለው ወንድ ጋር አትገናኝም። ቀስ በቀስ የዘመድ መዳቀል ይመጣል፤ የዘረመል ብዝኃነታቸው ይሳሳል፤ ከውጭ ሲታዩ ደህና የሆኑ እባቦች የሞቱ ልጆች መውለድ ይጀምራሉ።

ይህ በስዊድን በዐይን ታይቷል። ደቡብ ጠረፍ ላይ ስሚገሁክ በሚባል ስፍራ የነበሩ እፉኝቶች ዙሪያቸውን በእርሻ ተከብበው ከወገናቸው ተለይተው ነበር። ቁጥራቸው አሽቆለቆለ፤ ልጆቻቸውም ሞተው ወይም አካላቸው ጎድሎ ይወለዱ ጀመር። ቶማስ ማድሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሌላ፣ ብዛትና ብዝኃነት ካለው ስፍራ ሃያ ወንዶች አምጥተው ለቀቁባቸው። አራት የመራቢያ ወቅት ካለፈ በኋላ የቀሩትን ስምንቱን ወደ አገራቸው መለሷቸው። የሞቱ ልጆች ቀነሱ፤ የመንጋውም ቁጥር ጥናቱ ከተጀመረ ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጣ። ሃያ እንግዶች አንድን ዘር ከመጥፋት መለሱት!

እኛ ጋ ግን ከወዲህ ወዲያ ማጓጓዝን ከማሰብ በፊት ጫካው ይቅደም። ለእፉኝት ብሎ ፓርክ የሚከልል ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ፤ አስፈላጊም አይደለም። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ምድር ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ ያሰቡት ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣርና ለክፉ ቀን የሚተርፈውን ግጦሽ ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያው ተረፉ። የኢሉባቦር የቡና ጥላ ዛፎችና የሐረና ጫካ ቢጠበቁ እፉኝቷም እንዲሁ ከጥላቸው ሥር ትተርፋለች።

እስከዚያው ግን ልቆጣ። እባብ ስታዩ በእንጨት አትነካኩ፤ እባብ ሲነካኩት ይነክሳል። ሰው ከተነደፈ ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ እግሩን በገመድ ጠፍራችሁ አትሰሩ፤ ሳታንቀሳቅሱ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱት። የደጋ እባብ ካጋጠማችሁም ከሩቅ ፎቶ አንሡና ቦታውንና ቀኑን ጽፋችሁ እንስሳትን ለሚያጠና ዩኒቨርሲቲ አድርሱ። የባሌዋ ስም ያገኘችው በእንዲህ ያለ ፎቶ ጭምር ነው፤ የእኛ ደጋም ገና በደንብ አልታየም።