አሮጌ የዜማ ማጫወቻን ስለ ማደስ
ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የሚሆን ማስታወሻ፤ ከሐይቅ

በንግድ ሥራ የሚተዳደር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ዕቃ የሚያረጀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ዕቃው ራሱ አልቆ ከጥቅም ውጭ ሲሆን ነው፤ ሁለተኛው ግን ከውስጡ አንዲት ክፍል ብቻ ደክማ ሳለ ባለቤቱ ሙሉውን እንደ ሞተ ቈጥሮ ሲጥለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ሁለተኛውን የሚመለከት ነው፤ ይኸውም አይፖድ የተባለውን በኪስ የሚያዝ አሮጌ የዜማ ማጫወቻ ከፍቶ፣ የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥቶ፣ በምትኩ የፍላሽ ካርድ ስለ ማስገባት ነው።

ይህ ነገር የንግድ ጋዜጣን ገጽ ለመያዝ አይበቃም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ዜማ በአገራችን ከነጋዴ እጅ ተለይቶ የማያውቅ መሆኑን እናስታውሰዋለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢል ሥራ ሊማሩ ወደ ጀርመን አገር የተላኩት፣ በኋላም ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ፣ ከሙያው ጋር ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ የሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበሩት አቶ አምሐ እሸቴ የዘመኑን ዘፋኞች በሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ከዚያም ካሴት ሸክላውን ተካ፤ ሲዲ ካሴቱን ተካ፤ በመጨረሻም ባለሱቁ የደንበኛውን የስልክ ካርድ ተቀብሎ ዘፈን እየጫነ መመለስ ያዘ። ዕቃው በተለወጠ ቍጥር የተጠቀመው ለውጡን ቀድሞ የተረዳ ነጋዴ ነበር።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ያገኘው ከአምባሰል ነው፤ ሌላውም የባቲን ስም ይዟል። በአምባሰል ዜማ ስማቸው የገነነውን የወይዘሮ ማሪቱ ለገሠን ድምፅ በገበያ የሚፈልግ ሰው አያጣውም። ነገር ግን በየቤቱ በሠርግና በድግስ በካሴት የተቀዳው፣ የታተመ ግልባጭ የሌለው ዜማ ከጠፋ ከየትም ሱቅ አይገዛም።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን አይፖድ ይፋ ያደረገው በጥቅምት ወር 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001) ነው። በውስጡ የጃፓኑ ቶሺባ የሠራው 1.8 ኢንች የሆነ፣ 5 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ነበረበትና 1,000 ያህል ዜማ ይጭን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አምስተኛው ዓይነት 30 ወይም 60 ጊጋባይት ሲይዝ፣ በ2009 የወጣው 160 ጊጋባይት ይይዛል። ባለዲስኩ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገበያ ወጣ፤ የቀረውም የአይፖድ ዓይነት በ2022 እንዲቆም ተደረገ። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በስጦታ የላኩት ግን በየመሳቢያው ተቀምጦ ይገኛል።

የዚህ ማጫወቻ ድካም የሚጀምረው ከዲስኩ ነው። ዲስኩ በደቂቃ 4,200 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ አንባቢው ራስ ደግሞ ከፊቱ ላይ በቀጭን የአየር ንጣፍ ተንሳፎ ይቆማል። ስለዚህም መውደቅና መንገጫገጭ ይጎዳዋል። ሠሪው ኩባንያም በመግለጫው ላይ ባለዲስኩን ማጫወቻ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሠሩበት አስፍሮ ነበር፤ አየሩ በሳሳ ጊዜ ራሱን የሚሸከመው ኀይል ስለሚያንስ ነው። በደቡብ ወሎ ከዚህ ከፍታ የሚያልፍ የደጋ አገር ብዙ መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የፍላሽ ካርድ በአንጻሩ የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም፤ የባትሪውንም ኀይል የሚወስደው በጥቂቱ ነው።

በጸሓፊነት የማገለግላቸው የእህል ነጋዴ፣ ወንድማቸው ከውጭ አገር የላከላቸው 30 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ማጫወቻ ነበራቸው። ወንድምየው ከመላኩ በፊት የቤተ ሰቡን ካሴቶች አስገልብጦ 3,000 ያህል ዜማ ጭኖበት ነበር። ከእነዚህም አንዱ ሟች እናታቸው በአንድ ሠርግ ላይ ሲያንጐራጕሩ የተቀዳ ነው። ካሴቱ ከዓመታት በፊት ሻግቶ ተበላሽቷል፤ የተገለበጠበትም ኮምፒዩተር ጠፍቷል። ባለፈው ጊዜ ማጫወቻው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ ዘፈን መዝለል በጀመረ ጊዜ፣ ይህ የሠሪው ጥፋት ሳይሆን የዕድሜ ድካም መሆኑን ተረዳን፤ ሥራውም ለእኔ ተሰጠ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማጫወቻውን ከመክፈቴ በፊት ዜማውን ወደ ኮምፒዩተር ማሸሽ ነበር። ዜማዎቹ የሚቀመጡት በተሰወረ ማኅደር ውስጥ፣ ትርጕም በሌላቸው ባለአራት ፊደል ስሞች ነው፤ የዘፈኑ እውነተኛ ስም ግን በየፋይሉ ውስጥ ስለሚጻፍ በኋላ ተለይቶ ይወጣል። ዲስኩ እየደከመ ስለ ነበር በየመካከሉ እያሳረፍሁ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ የጀርባውን ብረት በቀጭን የፕላስቲክ መክፈቻ ዙሪያውን ቀስ ብዬ አላቀቅሁ፤ የባትሪውን ገመድ ከነቀልሁ በኋላ ዲስኩን አወጣሁ፤ በቦታውም ካርዱን የተሸከመውን አነስተኛ አዳፕተር አስገባሁ። ባትሪውም ያረጀ ስለ ነበር አብሮ ተለወጠ። ማጫወቻው ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ አዲሱን ካርድ አውቆ እንደ ገና ተሰናዳ፤ ዜማውም ተመልሶ ተጫነ።

ሁሉ ነገር ያማረ መስሎኝ ሳለ፣ ከ2,000ኛው ዜማ ገደማ ወዲያ ያለው ሁሉ ድምፅ አልባ ሆነ። የእናታቸውም ዜማ ከዚያ ወዲያ ካሉት አንዱ ነበር። ኮምፒዩተሩ ላይ የነበረውን ግልባጭ ደግሞ፣ ሥራው ያለቀ መስሎኝ፣ ቦታ ለማስለቀቅ አጥፍቼው ነበር። ነጋዴው ነገሩን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡም፤ «አንቺ ልጅ፣ አሮጌውን ዲስክ የት አደረግሽው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በወረቀት ጠቅልዬ ከደረሰኞቹ ጋር አኑሬው ነበር። ወደ ማጫወቻው መልሼ በገጠምሁት ጊዜ አንድ ሌሊት ተኩል ሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ አልተነሣም። ከ40 የማያንሱ ዜማዎች በዚያው ቀሩ፤ የእናታቸው ግን ተርፎ ወጣ።

ጥፋቱ ከካርዱ ነበር። በላዩ 256 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት፣ ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልግ ሱቅ የተገዛው ይህ ካርድ፣ ቢመረመር በእውነት የሚይዘው 8 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ካርድ ለኮምፒዩተሩ ትልቅ መስሎ እንዲታይ የተሠራ ነው፤ ከልኩ ያለፈውን ጽሑፍ እንደ ተቀበለ መስሎ ያጠፋዋል። በ1881 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር በውጫሌ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ ስንት መከራ እንዳመጣ እናውቃለን። የካርዱም ውጭና ውስጥ እንደዚሁ ሁለት ቃል ሊናገር ይችላልና፣ የላይኛውን ብቻ አንብቦ የሚገዛ ነጋዴ ራሱንም ደንበኛውንም ይጎዳል።

ከዚህ ነገር ለንግድ ሰዎች የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፤ አስመጪ ካርድ በብዛት ከማስመጣቱ በፊት ናሙናውን እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይመርምር። ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ አዳፕተሩ ለሁሉም ማጫወቻ አንድ አይደለም። የቀድሞዎቹ ማጫወቻዎች አገናኝ ከኋለኞቹ ይለያል፤ አንዳንዶቹም ከ128 ጊጋባይት በላይ ያለውን ካርድ በሙሉ ማወቅ አይችሉም። ማጫወቻውም ከእንግዲህ የማይመረት ስለ ሆነ ዕቃውን በትእዛዝ ማስመጣት እንጂ መጋዘን መሙላት አይገባም።

ሦስተኛ፤ ጠጋኝ ባለሱቅ የካርዱን፣ የባትሪውንና የእጁን ዋጋ በደረሰኝ ለይቶ ይጻፍ። አሮጌውን ዲስክም ለባለቤቱ ይመልስ፤ የደንበኛው ንብረት ነው። ሥራውንም ካስረከበ በኋላ ደንበኛው የመጨረሻውን ዜማ በፊቱ ከፍቶ እንዲሰማ ያድርግ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አሥር ብቻ ሰምቼ ረክቼ ነበር።

አራተኛ፤ በእጁ የገባውን የደንበኛ ዜማ ገልብጦ ለሌላ መሸጥ ነውር ብቻ ሳይሆን፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የሚከለክለው ነገር መሆኑን አይርሳ።

በመጨረሻም ፍላሽ ካርድ ዘላለማዊ ነው ብሎ ማንም አይታለል። በመጻፍ ብዛት ያልቃል፤ ኀይል ሳያገኝም ለብዙ ዘመን ከተቀመጠ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። በ13ኛው ምዕት ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩ ጸሓፍት፣ ብራና ሳያልቅ ወደ አዲስ ብራና መገልበጥ እንደሚገባ ያውቁ ነበር። እኛም የነጋዴውን ዜማ አሁን በሁለት ቦታ አኑረነዋል፤ አንዱ በማጫወቻው ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው በተመረመረ ሌላ ካርድ ላይ ሆኖ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር በካዝና ተቈልፎበታል። ነጋዴው ማታ ሱቁ ሲዘጋ የእናታቸውን ዜማ አንድ ጊዜ ሰምተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።