ከምርቃት በኋላ የሚጀምረው ትምህርት፦ የእንስሳት ሐኪም በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ

በእንስሳት ሕክምና መጻሕፍት «ትናንሽ እንስሳት» ሲባል ውሻና ድመት ማለት ነው። በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም ይህን ቃል ቢናገር ግን አድማጩ በግና ፍየልን ያስባል፤ ቢበዛ ዶሮ ይጨምርበታል። ውሻውን ማንም በዚያ ቁጥር አያስገባውም። ውሻው ግን አለ። ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው፣ ቀን ከእረኛው ጋር የሚውለው፣ በበዓል የታረደውን ትርፍራፊ የሚለቅመው እሱ ነው። ከጉና ግርጌ እስከ አባይ ሸለቆ በተዘረጋው በዚህ አገር ሐኪሙ ከተመረቀ በኋላ ሊማረው ከሚገባው ነገር ብዙው፣ ቀርቦ ላየው፣ በበጉና በውሻው መካከል ይገኛል።

ሙያው በአገራችን የተወለደው በመከራ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ የጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የመጣው «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬና ላም አብዛኛውን ጨረሰ። የሚያርስ ጠፋ፣ ረኀቡም ተከተለ፤ ዘመኑ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ያው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1920 ቤልጅየም ላይ በመከሰቱ ነው ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው። እኛም ዘንድ የክትባት ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ ቢሾፍቱ ላይ ተተከሉ፦ ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ በ1979። ከዚያ በፊት ዶክተር መሆን የፈለገ ባሕር ማዶ መሄድ ነበረበት፤ አገር ውስጥ የሚሠለጥኑት ረዳቶች ነበሩ። «ደስታ» እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ በአፋር በረሃ ክትባት ተሸክመው የዞሩት የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞችም የድሉ ባለቤቶች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ዲግሪ አልነበራቸውም። አጭር ሥልጠና፣ ክትትልና ማሻሻያ ሥልጠና ግን ነበራቸው።

አሁን ትምህርት ቤቱ በዝቷል። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ወሎ፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪም ያስመርቃሉ። መካከለኛ ባለሙያዎችን ደግሞ የግብርና ኮሌጆች ያወጣሉ፤ ለእነዚህ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ቅርቡ ወረታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ዲፕሎማ ያለው «ሲ ኦ ሲ» የተባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይፈተናል። እነዚህ ፈተናዎች በሩን ለማለፍ ናቸው። ከበሩ ወዲያ ያለውን ሠላሳ ዓመት የሚመለከት ፈተናም ሆነ ትምህርት በወረዳ ደረጃ እምብዛም አይታይም። አንድ ሐኪም በሃያ አምስት ዓመቱ የያዘውን ማስታወሻ ደብተር ይዞ ጡረታ ሊወጣ ይችላል።

ሌላው ዓለም ይህን በሕግ አስሮታል። በእንግሊዝ የተመዘገበ የእንስሳት ሐኪም በየዓመቱ ቢያንስ 35 ሰዓት መማሩን ያስመዘግባል። በእኛም አገር የሰው ጤና ባለሙያ ፈቃዱን ሲያሳድስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ይጠየቃል። የእንስሳቱ ወገን ዘግይቶ ነው የተነሣው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 267 እና በ2004 የወጣው የመድኃኒትና የመኖ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 728 የሙያውን አጥር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የኢትዮጵያ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በዓመታዊ ጉባኤውና በመጽሔቱ ባለሙያውን ሲያገናኝ ኖሯል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአማራ፣ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች በተሠራው «ኸርድ» በተባለው ፕሮጀክትም ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከኢልሪ ጋር ሆኖ ተከታታይ ሥልጠናን መልክ ለማስያዝ ደክሟል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ደግሞ በሥራ ላይ ላሉ ሐኪሞች የአራት ወር የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና አለው፤ አራት ሳምንት ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ወር በራሳቸው ወረዳ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን አሠራር ነው፤ ሰልጣኙን ከበሽታው አያርቀውም።

መካነ ኢየሱስ ላይ መማር ያለበት ምንድን ነው? ከእብድ ውሻ በሽታ ልጀምር። አንድ ጊዜ ምልክቱ ከታየ፣ ሰውም ሆነ እንስሳ አይተርፍም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ የሚያዙት ከውሻ ነው። ስለዚህ የሰውን ሞት የሚያቆመው ሐኪም የውሻ ሐኪም ነው፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶውን በየዓመቱ መከተብ ከቻለ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ይህን ሁሉም ተመራቂ ፈተና ላይ ጽፎታል። ሆኖም ታስሮ የማያውቅ የገጠር ውሻ እንዴት ይያዛል? ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሆኖ በእግርና በበቅሎ ቆላ ድረስ እንዴት ይወርዳል? የተጠረጠረ ውሻ ሲሞት ጭንቅላቱ በምን ታሽጎ፣ በማን እጅ ላቦራቶሪ ይደርሳል? ይህ ከመምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም፤ ከሠራው ሰው ጋር አብሮ በመዋል ይለመዳል።

የተነከሰው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ነው። ሐኪሙ ይህን በመናቅ የሚያተርፈው ነገር የለም። ከቄሱም ከመድኃኒት አዋቂውም ጋር ተቀምጦ «ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይምጣ» የሚለውን ቃል በአፋቸው እንዲናገሩት ማድረግ ይችላል። እንዲህ ያለ ንግግር ራሱ ሙያ ነው፤ ሥልጠናም ይፈልጋል። በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ ላይ ዛሬም «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው ከሰጠው ፈረንሳዊ ነው፤ ክትባቱ ከተገኘ ይኸው ከ130 ዓመት በላይ ሆነው። ሐኪሙ ራሱስ? ውሻ የሚይዝ ባለሙያ ከመነከሱ በፊት በመጀመሪያውና በሰባተኛው ቀን ሁለት መርፌ መውሰድ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ሥራ ስትቀጠሩ ይህን ክትባት እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በሕይወት መቆየት የሙያ መመሪያ የመጀመሪያው አንቀጽ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አዙሪት ነው። በጉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ ይዞራል፤ ከመንጋው ይለያል፤ ገደል ይገባል። ገበሬው ያርደውና ጭንቅላቱን ለውሻ ይጥለዋል። በሽታው የሚቀጥለው በዚያች ቅጽበት ነው። በበጉ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረው ከረጢት የትል እጭ ነውና ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ አድጎ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ግጦሹ ላይ ይበተናል፤ ሌላው በግ ይግጠዋል። በፋርጣ በግ የሚተዳደር ደጋ ይህ በሽታ ስንት በግ እንደሚያሳጣው ገበሬው ያውቃል፤ ውሻው መካከል ላይ መኖሩን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ጭንቅላቱን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻው ፕራዚኩዋንቴል መስጠት። የበጉንና የውሻውን ትምህርት ለይቶ የተማረ ሐኪም ግን ሁለቱን አያገናኛቸውም። ለበጉ የትል መድኃኒት ይሰጣል፣ ውሻውን ያልፈዋል። ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የሚቋጥረው ሌላው የውሻ ትልም መንገዱ ያው ነው፤ እሱ ሰውንም ይይዛል።

ከዚህ ጎን ለጎን የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ አለ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል። አህያው አለ፤ ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ የጀርባ ቁስሉን ከመቀባት ይልቅ ጭነቱንና ኮርቻውን ማስተካከል እንደሚሻል የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። በገበያ ላይ እንደ ጨው የሚሸጠው ኦክሲቴትራሳይክሊንም አለ። ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ትኩሳት ያንኑ ሲወጋ፣ መድኃኒቱ የተሰጣት ላም ወተቷ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ሳይናገር ሲቀር፣ ከመርፌው የሚጠፋው ኃይል የሁላችንም ነው።

የሥራ መንገዱን በተመለከተ ወጣቶች ሲመረቁ የሚያዩት አንድ በር ብቻ ነው፤ የወረዳ እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት። እውነት ነው፣ አብዛኛው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን የባሕር ዳርና የኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪዎች፣ እንደ አንዳሳ ያሉ የምርምር ማዕከሎች፣ ቄራዎች፣ የሞጆና የቢሾፍቱ የውጭ ገበያ ሥጋ ድርጅቶች፣ የመተማ ኬላ፣ የክትባት ኢንስቲትዩቱ፣ የመድኃኒት አስመጪዎች ሁሉ የእንስሳት ሐኪም ይፈልጋሉ። በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ የሚማርም አለ። የግል ክሊኒክ በአዲስ አበባ በውሻና በድመት ሊቆም ይችላል፤ በመካነ ኢየሱስ ግን ውሻ ብቻውን ክሊኒክ አይከፍትም። የሚያዋጣው የበግ ማድለብ ምክር፣ የዶሮ ፈንግል ክትባት፣ ሕጋዊ የመድኃኒት መደብር፣ የውሻ ክትባትም አብሮ የተጠቃለለበት አገልግሎት ነው። ይህን ለመጀመር ሒሳብ አያያዝ ማወቅ ከቀዶ ሕክምና የማይተናነስ ትምህርት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አላስተማረውም።

ሌላ መሰናክል አለ፤ ሲነገር ግን ብዙም አይሰማም። «የውሻ ሐኪም» መባል ያሳፍራል። ስድስት ዓመት የተማረ ልጅ ውሻ ሲይዝ ዘመድ ቢያየው አንገቱን ይደፋል። ይህን ሐፍረት የሚሰብረው ምክር ነው፤ ከአስተማሪ፣ ከቀደመ ሐኪም፣ ከወረዳ ኃላፊ የሚመጣ ምክር። ሴት ሐኪሞች ደግሞ በዚህ ላይ «በሬ መጣል ትችያለሽ?» ይባላሉ። ልጆቿን ከነከሰ ውሻ ጋር ወደ ክሊኒክ የምትመጣው እናት ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን የምትነግረው ለሴቷ ነው።

በይነመረብ ላይ በነጻ የሚሰጡ ጥሩ ትምህርቶች አሉ፤ የዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቁጥጥር ኅብረት ስለ ውሻ አያያዝና ክትባት የሚሰጠው ሠርተፍኬት፣ የዓለም ትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የክትባት መመሪያ ከእነዚህ ናቸው። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተከሰተው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ መንገድም ተዘግቶ ታይቷል። ኔትወርክ ላይ ብቻ የቆመ ሥልጠና ኔትወርኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በስልክ ሚሞሪ ላይ ተጭኖ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ጽሑፍ፣ በአማርኛ የተዘጋጀ፣ ያስፈልጋል። ከእሱም በላይ የሚያስፈልገው በወር አንድ ቀን የእስቴ፣ የታች ጋይንት፣ የላይ ጋይንትና የስማዳ ሐኪሞችና ረዳቶች አንድ ቦታ ተገናኝተው ያዳኑትንና የገደሉትን በግልጽ የሚነጋገሩበት ስብሰባ ነው። አበል ባይኖርም ቡና አይጠፋም። ለስብሰባው እያንዳንዱ ይዞት የሚመጣው አንድ ደብተር ብቻ ነው፦ የእንስሳው ዓይነት፣ የመጣበት ጎጥ፣ የታየው ምልክት፣ የተሰጠው መድኃኒትና መጠኑ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እንደሆነ። የመጨረሻው ዓምድ በአብዛኛው ባዶ ነው። ገበሬው ተመልሶ አይመጣምና ሐኪሙ ራሱ፣ ለክትባት ሲወጣ በዚያው ጎጥ ሲያልፍ፣ ጠይቆ መሙላት አለበት።