ያላዘዝኩት ዳቦ፦ ሦስት ቀን በፖርቶ

ዳቦው ሲመጣ በልቤ «እንዴት ደግ ሰዎች ናቸው!» አልኩ። ገና ምንም ሳላዝ አስተናጋጁ ዳቦ፣ ወይራ፣ ቅቤና አይብ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሮ፣ ፈገግ ብሎ ሄደ። እኛ ጋ ደግሞ የቀረበ ምግብ አይገፋም፤ ነውር ነው። ጠራርጌ በላሁት። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ዳቦው ለብቻው፣ ወይራው ለብቻው፣ አይቡም ለብቻው ተጽፏል። ከወንዙ ዳር ዋጋ ጋር ተደምሮ ያቺ እራት 41 ዩሮ ወጣችብኝ።

ችግሩ ለሦስት ቀን ምግብ የያዝኩት ጠቅላላ 90 ዩሮ መሆኑ ነው። ከምኖርበት ጀርመን ስነሳ ከዚህ አንዲት ሳንቲም እንደማላልፍ ለራሴ ምያለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ለእናቴ የምልከው ገንዘብ አለ። ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። የቀረኝ 49 ዩሮ፣ የቀሩኝ ሁለት ሙሉ ቀናት። እውነት ለመናገር፣ የፖርቶን ምግብ ያወቅኩት ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የዳቦዋን ነገር ልጨርስ። ስሟ «ኩቬርት» ይባላል። ፖርቱጋል ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት ሳትጠይቁ ያቀርባታል። ከነካችኋት ትከፍላላችሁ፣ ካልነካችኋት አትከፍሉም። ሕጉም ደንበኛው ያልጠየቀውንና ያልነካውን ማስከፈል አይፈቅድም። ስለዚህ ካልፈለጋችሁ «ናው፣ ኦብሪጋዱ» በሉ፤ ሴት ከሆናችሁ «ኦብሪጋዳ»። አይ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ማንም አይቀየማችሁም።

ሁለተኛው ትምህርት ከወንዙ መራቅ ነው። ሪቤይራ የሚባለው የዶሮ ወንዝ ዳርቻ በጣም ያምራል፤ ፎቶ አንሱበት፣ ተቀመጡበት። ለመብላት ግን ዳገቱን ውጡ። ውስጥ ለውስጥ ባሉት መንገዶች «ታስካ» የሚባሉ ጠባብ ምግብ ቤቶች አሉ። በር ላይ በእጅ ተጽፎ «ፕራቱ ዱ ዲያ» የሚል ካያችሁ ግቡ። የዕለቱ ምግብ ማለት ነው። ሠራተኛው፣ ሽማግሌው፣ ተማሪው ምሳውን የሚበላው እዚያ ነው። ብዙ ቦታ ሾርባና መጠጥ አብሮ ይመጣል።

እዚህ ላይ ግን እኛን የሚመለከት አንድ ትልቅ ነገር አለ። አሳማ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አብዛኞቻችን አንበላም፤ ፖርቶ ደግሞ አሳማ የማይገባበት ድስት ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የከተማዋ ዝነኛ ሳንድዊች «ፍራንሴዚኛ» ትባላለች፤ ትንሿ ፈረንሳዊት እንደማለት። በዳቦ መሃል ሥጋ፣ ቋሊማና ካም ተደራርቦ፣ ላዩ ላይ አይብ ቀልጦ፣ በቲማቲምና በቢራ የተሠራ ትኩስ ስጎ ይፈስበታል። መልኳ ያጓጓል፤ ካሙና ቋሊማው ግን አሳማ ነው። «ቢፋና» የሚሏት ርካሽ ሳንድዊችም እንደዚያው።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ጨጓራው ነው። የፖርቶ ሰዎች «ትሪፔይሩሽ» ይባላሉ፤ ጨጓራ በሎች። እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1415 የፖርቱጋል መርከቦች ሴውታን ለመያዝ ሲነሱ ሕዝቡ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ለመርከበኞቹ ሰጥቶ ለራሱ ጨጓራና አንጀቱን አስቀረ። ከዚያ የመጣ ነው የሚሉት ምግብ ዛሬም ከነጭ ባቄላ ጋር ይሠራል። የዱለት አገር ልጅ ሆኜ እንዴት አልጓጓ! አስተናጋጇን «ፖርኩ አለው?» ብዬ ጠየቅኋት። ቋሊማውን፣ ሌላውንም በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ሽታውን አሽትቼ ተነሳሁ። እናንተም «ፖርኩ» የምትለዋን ቃል በቃላችሁ ያዙ።

ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ለነገሩ ጾምም ነው። ያዳነኝ «ካልዱ ቨርድ» ነው፦ ድንች ተፈጭቶ፣ በቀጭኑ የተከተፈ ጎመን ገብቶበት፣ የወይራ ዘይት ጠብ የሚልበት ሾርባ። ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ቋሊማ ይጥሉበታል፤ ድስቱ ውስጥ አብሮ ያልበሰለ መሆኑን ጠይቃችሁ፣ «ሰይን ሾሪሱ»፣ ያለ ቋሊማ በሉ። ከዚያ ቦልያው ገበያ ገባሁ። ሕንጻው የ1914 ነው፤ ለረጅም ጊዜ ታድሶ በ2022 ተከፍቷል። ፍራፍሬና ወይራ ገዝቼ ቀኑን አሳለፍኩ። እሑድ ዝግ ነው፤ እንዳትሄዱ።

ሐሙስ ዕለት በሜትሮ ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዤ ማቶዚኞስ ወረድኩ። የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ምግብ ቤቶቹ መንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥለው ዓሣ ይጠብሳሉ፤ ጭሱ ነው እየመራ የሚያስገባችሁ። ዓሣው በሚዛን የሚሸጥ ከሆነ ከመጠበሱ በፊት ዋጋውን ጠይቁ። እኔ የተጠበሰ ሰርዲን ከድንችና ሰላጣ ጋር በላሁ። በሦስቱ ቀን ውስጥ እንደዚያ የጣመኝ የለም። ዋጋውም ከመጀመሪያዋ እራት ግማሽ አይደርስም።

ቡና? ባንኮኒ ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ አንድ ዩሮ አካባቢ ነው። ኤስፕሬሶን በዱሮው የፖርቶ አፍ «ሲምባሊኑ» ይሉታል፣ ቺምባሊ ከሚባለው የጣሊያን ማሽን ወስደው። ማኪያቶ የለመደ «ፒንጉ» ይበል፤ ጠብታ ማለት ነው፤ ወተት ጠብ ይደረግበታል።

የፖርት ወይን ጠጅ ማረፊያ ያለው ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ጋያ ነው። በ1886 የተከፈተውን የዶም ሉዊስ ድልድይ በእግር ማቋረጥ በነጻ ነው፤ ላይኛው ከፍታ ላይ ስትሆኑ ከተማዋ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ናት። ወይኑ ጣፋጭ የሆነው ገና እየፈላ ሳለ፣ ስኳሩ ሳያልቅ፣ ከወይን የተሠራ አረቄ ተጨምሮበት መፍላቱ ስለሚቋረጥ ነው። የአልኮል መጠኑ ግን 20 በመቶ አካባቢ ነው። የጠጅ ጠባይ አለው፤ አፍ ላይ ማር፣ ስትነሱ እግር ያዥ። በባዶ ሆድ እንዳትሞክሩት።

የመጨረሻዋን እራት ዳገት ላይ ያለች ትንሽ ታስካ ውስጥ በላሁ። ባለቤቷ እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ ናቸው። እንደገና ዳቦና ወይራ መጣ። እጄን ሰብስቤ ዋጋውን ጠየቅኩ። ሁለት ጣት አሳዩኝ፤ ሁለት ዩሮ። ስልኬን አውጥቼ ሒሳቡን አየሁ፤ ይበቃል። ዳቦውን ቆርሼ በላሁ።

የእናቴ ገንዘብ በቀኑ ተልኳል።