«ሰርዝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው ኩንታል መቶ ኪሎ ስለመሆኑ አይከራከርም። ጣሳ ሲባል ግን የማን ጣሳ እንደሆነ አይቶ ነው የሚከፍለው። በአማርኛ የሚዘጋጁ የኮምፒውተር መመሪያዎች ቃላት እስከ ዛሬ ከጣሳው ወገን ናቸው።

ጣጣው የሚብሰው ትእዛዝ በፊደል እየተጻፈ በሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ላይ ነው። በሌላው ፕሮግራም ቃሉ ቢያሳስት እንኳ የቆሻሻ ቅርጫቱን ሥዕል ያየ ሰው ይገባዋል። በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ግን ከቃል በቀር መሪ የለም።

«ሰርዝ»ን እንውሰድ። ለአንዱ አዘጋጅ የተጀመረ ሥራ ማቋረጥ ነው፤ ለሌላው ፋይል ማጥፋት። የሱቁን ሒሳብ እየገለበጠ ሳለ ሊያቋርጥ የፈለገ ሠራተኛ፣ «ለመሰረዝ» በሚለው አርእስት ሥር ያገኘውን «አር ኤም» የተባለ የሊኑክስ ትእዛዝ በፋይሉ ስም ላይ ቢጽፍ ሒሳቡ ይጠፋል። አር ኤም በተለመደው አሠራሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚመልስበት ቅርጫትም የለውም። ለማቋረጥ እኮ ኮንትሮልንና ሲን አንድ ላይ መጫን ይበቃ ነበር!

ፈረንጆቹም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በዶስ ዘመን «ዳይሬክተሪ» ይባል የነበረውን ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. በ1995 «ፎልደር» አለው። እኛ ዘንድ ደርሶ ማውጫ፣ አቃፊ፣ ማኅደር ሆነ። ማውጫ ደግሞ ቀድሞውንም የመጽሐፍ አርእስት ዝርዝር ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ አንድ መልክ ይዟል፤ ቃላቱ ግን እንደተበተኑ ናቸው።

አምቦን በድሮ ሰነድ ሀገረ ሕይወት ተብላ የሚያገኛት እንግዳ ሁለት ከተማ እንዳይመስሉት አንድ መስመር ማስታወሻ ይበቃዋል። መመሪያም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ከፊት ገጽ ላይ አንድ ሠንጠረዥ፣ ለአንድ ነገር አንድ ቃል። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ሥራው በአፋን ኦሮሞም ስለሚካሄድ ሠንጠረዡ ያንን ዓምድ ቢጨምር ተጠቃሚው ብዙ ነው። መመሪያ የሚያስጽፍ ነጋዴ ሠንጠረዡን ሳያይ ሒሳብ ባይዘጋ ይሻላል።

ርክክቡ ላይ «ግሬፕ» የተባለው ትእዛዝ የተፈለገው ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ ያወጣል። ሆኖም «ሰርዝ» ብለው ሲፈልጉ «መሰረዝ»ን ይዘለዋል፤ «ማኅደር» ሲሉትም «ማህደር»ን አያገኘውም። ስለዚህ እርባታውንም የፊደል አጣጣሉንም እያፈራረቁ መፈለግ ያስፈልጋል።