ዘሩን የሚመርጠው ማን ነው?
የላስታ ገበሬ፣ የሊቃውንት ኅብረትና የተለወጠው ዝናብ

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሰንሰለት ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ከአለት ተፈልፍላ የምትገኘው አሸተን ማርያም፣ ትውፊቱ እንደሚነግረን በቅዱስ ላሊበላ ዘመን ተጀምራ በነአኩቶ ለአብ የተፈጸመች ደብር ስትሆን፣ ለመሳለም አቀበቱን የሚወጣ ምእመን ግራና ቀኙን ቢመለከት፣ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ በእርከን ላይ እርከን የተዘራ ገብስ ያያል። የዚህ ማሳ ባለቤት አዝመራውን የሚጠብቀው በበልግና በክረምት ዝናብ ነው፤ የላይኛው እርሻው ውርጭ ሲመታው የታችኛው በድርቅ ይከስላል፤ የበልጉ ዝናብ ሲቀር ወይም ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ፣ ትናንት የታመነበት ዘር ዛሬ ያሳፍራል። ስለዚህ፣ ለእንዲህ ያለው ምድር የሚስማማውን ዘር መርጦ ማቅረብ የሚገባው ማን ነው፣ ምሁሩ ወይስ ገበሬው፣ የሚለው ጥያቄ በአገራችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል።

የእርሻ ምርምር ተቋም በ1958 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጸንቶ የቆየው ልማድ፣ ሊቃውንቱ በምርምር ጣቢያ ዘር አዳቅለውና ፈትነው ብልጫ ያለውን ከለዩ በኋላ፣ የግብርና ሠራተኛው ተቀብሎ ለገበሬው እንዲያደርስ ነው። ይህ ሥርዓት ሜዳው በተዘረጋበትና ዝናቡ በማያጓድልበት አገር፣ በተለይም በአርሲና በባሌ የስንዴ ምድር፣ ታላቅ ፍሬ ማፍራቱ አይካድም። ነገር ግን ለብዙ አገር ይበቃል ተብሎ የተመረጠ ዘር፣ ሸንተረር ከሸንተረር በአፈርም በሙቀትም በሚለያይበት በላስታና በዋግ ተራራ ላይ ሲዘራ፣ በጣቢያው ያሳየውን ምርት መድገም ይሳነዋል። ማዳበሪያ መግዛት የማይችልና መሬቱ ጠባብ የሆነ ገበሬም፣ ከአባቱ የወረሰውን ዘር በጎተራው ማኖሩን አልተወም።

ያ በጎተራ የኖረ ዘር ምን ያህል የከበረ ሀብት እንደ ሆነ ቀድመው ከተገነዘቡት አንዱ፣ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዝርያዎችን የሰበሰበው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር። እርሱም ኢትዮጵያን የዓለም አዝርዕት ብዝኀነት ዐይነተኛ ማዕከል ከሆኑት አገሮች መካከል ቈጥሯታል። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ባንኩን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1977 ዓ.ም. የረኀብ ወራት ወሎና ትግራይ የዘር እህላቸውን ለመብላት በተገደዱበት ጊዜ፣ ዘሩ ፈጽሞ እንዳይጠፋ በማሰባሰብና ኋላም በወሎና በሸዋ ለገበሬው እንዲመለስ በማድረግ ስለ ደከሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የመላኩ ትምህርት ዋና ነጥቡ፣ በብርድ ክፍል የተቀመጠ ዘር በማሳ ላይ እየተዘራ ከዝናቡና ከአፈሩ ጋር ካልተለማመደ ሕይወቱ ግማሽ ነው የሚል ነበር።

ዘሩን በማሳ ላይ ያኖረውን የገበሬውን ዕውቀት በአኀዝ የፈተነው ሥራ የተካሄደው ላስታን በደቡብ በሚያዋስነው በመቄት ወረዳ፣ በገረገራ ነው። ባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና በኢጣልያ ፒሳ ከተማ የሚገኘው የሳንታና ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ተባብረው፣ አብዛኛው የአገር ዘር የሆነ 400 ዓይነት ስንዴ በገረገራና በትግራይ ሀገረ ሰላም ዘሩ። ከዚያም በእያንዳንዱ ስፍራ 30 ገበሬዎችን፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ በመደቦቹ መካከል እያመላለሱ፣ ፈጥኖ መድረሱን፣ የዛላውን ቅርጽ፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣውን የአገዳ ብዛትና የዓይነቱን አጠቃላይ ጥራት በነጥብ እንዲመዝኑ አደረጉ። ሊቃውንቱም በበኩላቸው ቁመቱን፣ የሚያብብበትን ቀንና የፍሬውን ክብደት በመሣሪያ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት፣ ከገበሬዎቹ ብቻ የተሰበሰበው ምዝን 192,000 ሆኖ ተቈጥሯል።

ውጤቱ ሁለት ነገር አስረዳ። አንደኛው፣ የገበሬው ዐይን በዘፈቀደ የሚፈርድ ሳይሆን፣ መሣሪያው ከሚለካው ጋር የሚዛመድ፣ አንዳንዴም መሣሪያው የማይደርስበትን የሚያይ የታረመ ዕውቀት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ምርጫው በስፍራና በጾታ መለያየቱ ነው፤ አራሹና በጎተራው፣ በወፍጮውና በምጣዱ ላይ የምትሠራው ባለቤቱ አንዱን ዛላ ይዘው ሲመዝኑ ሚዛናቸው አንድ አይሆንም። እህሉን በሰፌድ አንፍሳ፣ ለቆሎ የሚሆነውን ለብቻው፣ ለጠላ የሚሆነውን ለብቻው፣ ለዘር የሚቀመጠውን ደግሞ ለከርሞ የምትለይ ሴት ሳትጠየቅ የተመረጠ ዘር፣ በምርቱ ብዛት ቢመሰገንም በማእዱ ሊጣል ይችላል። ገለባው ለከብት የማይሆን ከሆነም እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ሥራውን ከመደቡ አውጥቶ በየገበሬው ማሳ አደረገው። ለእያንዳንዱ ገበሬ ስማቸው ያልተገለጠ ሦስት ዓይነት ዘሮች በትንሽ በትንሹ ይሰጡታል፤ እርሱም በገዛ እርሻው ዘርቶ ከሦስቱ የተሻለውንና የከፋውን ብቻ ይናገራል። የአንዱ ቃል ብቻውን ቢነሣ ትንሽ ነው፤ የሺዎች ቃል በአንድነት ከየአካባቢው የዝናብና የሙቀት መዝገብ ጋር ሲመሳከር ግን፣ የትኛው ዘር በየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚጸና ይታወቃል። በኢትዮጵያ፣ በሕንድና በኒካራጓ በዚህ መንገድ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት 12,409 የሙከራ ማሳዎችን ያጠቃለለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የስንዴውን የዘር ውርስ ምሥጢር የሚመረምረው ዘመናዊ ጥበብ ከገበሬው ዕውቀት ጋር ሲጣመር፣ ለየአካባቢው የሚስማማውን ዝርያ ይበልጥ አስተካክሎ እንደሚተነብይ አሳየ።

ዳሩ ግን ይህ የገበሬና የሊቃውንት ኅብረት ፈተና አላጣውም። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ተነሥቶ መቀሌንና መቄትን በአንድ የጥናት መዝገብ ያገናኘውን መንገድ ዘጋው፤ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ተመራማሪው እንደ ልቡ ወደ ማሳ እንዳይወርድ አድርጎታል። ከዚህም ሌላ የባለቤትነት ነገር አለ። ከኢትዮጵያ የተገኘ ገብስ የካሊፎርኒያን አዝመራ ያጠፋ ከነበረ የቫይረስ በሽታ የሚከላከል ዘረ መል አበርክቷል፤ ያን ዘር ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ግን ከጥቅሙ ተካፋይ አልሆነም። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው የጤፍ ስምምነት አገሪቱን በጤፏ ላይ ከፓተንት ክርክር ውስጥ ሲያስገባት፣ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብን ዕውቀት መጠቀም በፈቃድና ጥቅምን በመጋራት እንዲሆን ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ ከድንጋጌው እስከ ገበሬው ደጅ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ስለዚህ ምሁሩ ወይስ ገበሬው ተብሎ የተነሣው ጥያቄ መልሱ ከሁለቱ አንዱን በመምረጥ የሚገኝ አይደለም። ገበሬው 400 ዓይነት ዘር በአንድ ማሳ አቅርቦ ማነጻጸር አይችልም፤ ምሁሩም የአንድን ሸንተረር ጠባይ የያዘውን የሠላሳ ዓመት ትዝታ በላብራቶሪ አያገኘውም። ዝናቡ በየዓመቱ ጠባዩን በሚለዋውጥበት ዘመን አንድን ምርጥ ዘር ፈልጎ ማግኘት ሥራውን አይፈጽምም፤ ምርጫው ራሱ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ይህም ያለ ገበሬው የዘወትር ተሳትፎ አይሆንም። እንግዲህ የማንኛውም የጥናት ኅብረት መለኪያ የታተመው ጽሑፍ ብዛት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ነጥብ የሰጡት ወንዶችና ሴቶች የመረጡት ዘር በስንት ወቅት ውስጥ፣ በምን ያህል መጠንና በማን ኃላፊነት ተመልሶ እጃቸው እንደ ገባ የምርምር ተቋሙም፣ ገንዘብ ሰጪውም፣ ክልሉም ሊጠየቁበት ይገባል።