እህሉን ሳይሆን ወፍጮውን እዩ

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው በነበረ ጊዜ «ቪፒኤን» የሚለውን ቃል ያልሰማ ጎንደሬ ማግኘት ከባድ ነበር። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት ተማርን፦ ቪፒኤን የተዘጋ በር ቢያስከፍት እንጂ የፈረሰ ድልድይ አይሠራም። መስመሩ ከሌለ እሱም የለም።

ዛሬ የማነሣው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ጎንደር ቁጭ ብለው ለአዲስ አበባ ወይም ለውጭ አገር ቢሮ ሒሳብ የሚሠሩ፣ የሚተረጉሙ፣ ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች አሉ። ብዙ ቢሮ ደግሞ ወደ መዝገቡ የሚያስገባው በራሱ ቪፒኤን ብቻ ነው። ቪፒኤኑ ከተንቀራፈፈ ሥራው በሰዓቱ አይደርስም። «መስመሩ ነው» የሚለውን ምክንያት አለቃ አንዴ ሁለቴ ይሰማል፤ ሲደጋገም ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል።

በሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ስጠየቅ መጀመሪያ ፍጥነቱን ሁለት ጊዜ እለካለሁ፤ አንዴ ቪፒኤኑን አጥፍቼ፣ አንዴ አብርቼ። ዋይፋዩ እንዳያሳስተኝ ኮምፒውተሩን በኬብል አገናኛለሁ። ሁለቱም እኩል ቀርፋፋ ከሆኑ ችግሩ መስመሩ ጋ ነው። ቪፒኤኑ ጠፍቶ ደህና የሚሄደው ሲበራ በጣም ከወረደ ግን አሮጌውን ራውተር ጠርጥሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቪፒኤን የሚያልፈውን መረጃ ሁሉ በምስጢር ይቆልፋል፤ የመጣውንም ይፈታል። የድሮ ራውተር ፕሮሰሰር መረጃ ለማሳለፍ እንጂ ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም። እህሉ በአህያ ቢመጣ በአይሱዙ፣ ወፍጮው ከአቅሙ በላይ አይፈጭም። ስለዚህ ቸኩሎ ፈጣን ጥቅል መግዛት ለዚያው ወፍጮ ብዙ እህል መጫን ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንደኛ፣ ቪፒኤኑን ከራውተሩ አውርዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑት። ያገለገለ ላፕቶፕ እንኳ ከድሮ ራውተር ብዙ እጥፍ ጉልበት አለው። ኢንቴል ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ኤኢኤስ የተባለውን ምስጠራ የሚያፋጥን ትእዛዝ አስገብቷል። ይህ እርምጃ ሳንቲም አያስወጣም፤ ራሱም ፈተና ነው። ፍጥነቱ ከተሻሻለ ጥፋቱ የራውተሩ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ፕሮቶኮሉን ቀይሩ። ኦፕንቪፒኤን በአብዛኛው ከሲስተሙ እምብርት ውጭ፣ በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ስለሚሠራ ደካማ ዕቃ ላይ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. ሊኑክስ 5.6 ከርነል ውስጥ የገባው ዋየርጋርድ ግን ቀለል ያለ ነው፤ የሚጠቀምበት ምስጠራ ልዩ ዕቃ ሳይጠይቅ ይፈጥናል። ዳባትና ደባርቅ ሄዳችሁ ከስልክ ኢንተርኔት ጋር የምትሠሩ ደግሞ ሌላ ጥቅም ታገኛላችሁ፤ ሲግናሉ ሄድ መጣ ሲል ዋየርጋርድ እንደገና እስኪገባ አያስጠብቅም። ቢሮው «ከኦፕንቪፒኤን ውጭ አይሆንም» ካለ፣ ቢያንስ ከቲሲፒ ወደ ዩዲፒ እንዲያዞርላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ አንዳንድ ገጽ ግማሹ ተከፍቶ የሚቆም ከሆነ ኤምቲዩ የሚባለውን ቁጥር እዩት። መረጃ የሚጓዘው በጥቅል በጥቅል ነው። ቪፒኤን ጥቅሉን በሌላ መሸፈኛ ሲጠቀልለው ይወፍርና በመስመሩ አልገባ ይላል። ዋየርጋርድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በ1420 ነው፤ 1400 ከዚያም 1380 አድርጋችሁ ሞክሩ።

የቤቱ ሰው ሁሉ በቪፒኤን ይውጣ ካላችሁ፣ ጥግ የተጣለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኖ ከራውተሩ ቀጥሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ያልሞተ ባትሪ ካለው መብራት ሲጠፋ እሱ አይጠፋም፤ ራውተሩ ግን የራሱን መላ ይፈልጋል። ትልቁን ዴስክቶፕ ለዚህ ማቆም አልመክርም፤ ቀን ከሌት ቆጣሪ ያስቆጥራል።

ዕቃ የማይፈታው ነገርም አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ከጎንደር ኒውዮርክ 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ ብቻ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች አይወርድም። ምርጫ ካላችሁ ቅርብ ያለ ሰርቨር ምረጡ። ነፃ ቪፒኤን ላይ የደመወዝ ሥራ አትሥሩ፤ ሰርቨሩ በሰው ይጨናነቃል፣ መረጃችሁም በማን እጅ እንደሚያልፍ አይታወቅም።

አሮጌው ራውተር ዋይፋይ ማሰራጨቱን ይቀጥል፤ ለዚያ አላነሰም። የደኅንነት ማሻሻያ ከኩባንያው መምጣት ካቆመ ግን ጡረታው ደርሷል። ገንዘብ ካላችሁ ጥቅል ከመጨመራችሁ በፊት እሱን ቀይሩ።